በመስታወት ውስጥ የዘገየ ብርሃን

በሥራዬ ከቆፈርኳቸው ጉድጓዶች ሁሉ የምወደው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም መቆፈር ያልነበረበት ነው። ያለበት ቦታ ቀራንዮ፣ በአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደጃፍ ላይ ሲሆን የተቆፈረውም እኔ የብርሃንን ፍጥነት ተሳስቼ ነው። ይህን ለሰው ስናገር ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም።

ሥራዬ ከመሬት በታች የተቀበረ ፋይበር መጠገን ነው። ፋይበር ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የመስታወት ክር ነው። በውስጡ ብርሃን ይሮጣል፤ ስልኩንም፣ ኢንተርኔቱንም፣ የባንኩንም ጉዳይ ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ነጋ ጠባ በምትቆፈርበት ጊዜ እኛ ሥራ ፈትተን አናውቅም። አንዱ የውኃ ቱቦ ሊቀብር ይቆፍራል፣ ሌላው መንገድ ሊያሰፋ። ኤክስካቫተሩ አንዴ ጥርሱን ሲያሳርፍ ኬብላችንን እንደ ዛፍ ሥር መዝዞ ያወጣውና የኮልፌ ሰው ስልኩን እያገላበጠ መራገም ይጀምራል። ያኔ እኛ እንጠራለን።

የተቆረጠበትን ቦታ የምናገኘው በማሽን ነው። ማሽኑ በክሩ አንድ ጫፍ ብርሃን ይልካል። ብርሃኑ ሄዶ ሄዶ የተቆረጠው ቦታ ሲደርስ ከፊሉ ይመለሳል። ማሽኑ የመሄጃውንና የመመለሻውን ጊዜ ይይዝና፣ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ፣ ለሁለት ከፍሎ፣ «ይህን ያህል ሜትር ላይ ነው» ይለናል። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ እስኪመለስለት ጠብቆ የማዶውን ርቀት እንደሚገምተው ማለት ነው፤ እዚህ ግን ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ሁሉም ያልቃል።

ለዚህ ሥራው ማሽኑ ከእኛ አንድ ነገር ይፈልጋል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ምንም በሌለበት ባዶ ቦታ እንደሚሄደው አይሄድም፤ ይዘገያል። ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ የሚናገረውን ቁጥር ኬብሉን የሠራው ፋብሪካ ይሰጠናል። የእኛው ኬብል ቁጥር አንድ ነጥብ አራት ስድስት ስምንት ነው። ይህን ማሽኑ ውስጥ እናስገባለን፤ አንዴ ከገባ በኋላ ማሽኑ ይዞት ስለሚኖር ማንም አያስታውሰውም።

ያን ቀን ማሽኑ ከጥገና ገና መመለሱ ነበር፤ ጠጋኞቹ በውስጡ የነበረውን ሁሉ አጥፍተውታል። ስከፍተው የጥያቄ መዓት አወረደብኝ፤ ቋንቋ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ምኑ ቅጡ። አለቃዬ ደግሞ በስልክ «አገኘኸው ወይ? አላገኘኸውም?» እያለ ጆሮዬን ይበላኛል። የመስታወቱ ቁጥር ቦታ ላይ «አንድ» የሚል ተቀምጧል። አንድ ማንን ይጎዳል ብዬ አለፍኩት።

ማሽኑ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር አለ። ሜትር የሚቆጥረውን ጎማ እየገፋን፣ የኬብሉን መስመር ተከትለን ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ ሄድን። ጎማው ያቆመን አንዲት ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር ፊት ለፊት ነው። ድንጋዩን መንቀል ስንጀምር ሁለት ሴቶች ወገባቸውን ይዘው መጡ።

«ይሄን መንገድ ስንት ዓመት ደጅ ጠንተን ነው ያሠራነው! እንደነበረ ካልመለሳችሁት ከዚህ ንቅንቅ አትሏትም!»

እንመልሳለን ብለን ምለን ተገዝተን ቆፈርን። ኬብሉን አገኘነው። ጭረት እንኳ የለበትም። ትንሽ ወደ ግራ ቆፈርን፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ቆፈርን፤ ኬብሉ ጤነኛ ነው። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ሴቶቹም ንቅንቅ አላሉም።

ይኼኔ ሰማያዊው በር ተከፈተና አንድ አዛውንት ጋቢ ደርበው ወጡ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ጣታቸው ላይ የጠመኔ ነጭ አለ። ሴቶቹ «ቲቸር፣ ደጅዎን እኮ አፈረሱት» ብለው አመለከቱን።

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉ።

«የተቆረጠ ኬብል ነው ቲቸር» አልኳቸው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው።

«እዚህ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ማሽኑ።»

«ማሽኑስ በምን አወቀ?»

መንገደኛ ይህን ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። የመላኩንና የመመለሱን ነገር አፌን ሞልቼ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«ፍጥነቱን ስንት ነው ብለህ ሰጠኸው?»

«ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በሴኮንድ ነዋ!» አልኳቸው፤ ክፍል ውስጥ እጁን ቀድሞ ያወጣ ተማሪ መስዬ።

«በምን ውስጥ?»

«በክሩ ውስጥ።»

«ክሩ ከምን ይሠራል?»

«ከመስታወት።»

«እስቲ ማሽኑ ላይ ያለውን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ።»

አነበብኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የኬብሉን ዓይነት፤ የመስታወቱ ቁጥር ጋ ስደርስ ድምፄ ወደ ሆዴ ተመለሰ። «አንድ» አልኩ።

«አንድ ማለት እኮ ምንም ነገር የሌለበት ቦታ ማለት ነው። አየር እንኳ የሌለበት» አሉ። «አንተ ልጅ፣ ኮልፌ ውስጥ ምንም የሌለበት ቦታ የት አገኘህ?»

የሥራ ባልደረቦቼ አካፋቸውን ጥለው ሳቁ። ሴቶቹም ሳቁ፤ ስለ ብርሃን ባያውቁ ስለ ኮልፌ ያውቃሉ። እኔ ኩምሽሽ አልኩ። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና «አንድ ሺህ ዘጠና ሜትር አካባቢ ፈልገው» ብለው ገቡ።

እውነትም እዚያው ተገኘ፤ ኮልፌ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አጠገብ፣ ለፍሳሽ ተብሎ ተቆፍሮ መልሶ የተደፈነ ቦታ ላይ። አለቃዬ ሌሎቹን ኬብሉን እንዲቀጥሉ አስቀምጦ እኔን «ራስህ የቆፈርከውን ራስህ ድፈን» ብሎ ብቻዬን ወደ ቀራንዮ ሰደደኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ አፈሩን በእግሬ ስጠቀጥቅ ነበር አንዲት ሴት ከሥራ ስትመለስ በሩ ጋ ደርሳ የቆመችው።

«ደጃችንን ያረስከው አንተ ነህ?» አለችኝ ቁልቁል እያየች።

የመምህሩ ልጅ ነበረች፤ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ድንጋዩን ደርድሬ እስክጨርስ ድረስ አልገባችም። ስጨርስ በጫማዋ ጫፍ አንዱን ነካ ነካ አድርጋ «ይሄ ይወዛወዛል። አባቴን ይጥልብኛል። ቅዳሜ መጥተህ ታስተካክለዋለህ» አለችኝ። አነጋገሯ ትእዛዝ ነው። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኔ እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ሄጄ ድንጋዩን አስተካከልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ፤ ድንጋዩን ለማየት ነው ብዬ። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን ምክንያት ማድረግ አስፈላጊ አልነበረም።

ቲቸር የበሩን ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል ጥቁር ቀብተው ሰሌዳ አድርገውታል። ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩን ተማሪዎች በግቢው ሰብስበው ፊዚክስ ያስተምራሉ፤ ሰው በመጣ ቁጥር በሩ ሲከፈት ግማሹ ትምህርት ወደ መንገድ ይዞራል። የሚጽፏቸው ፊደሎች ግዙፍ ናቸው፤ አንድ ስሌት ብቻውን በሩን ይሞላዋል። የድሮ መምህር ስለሆኑ ነው፣ ከኋላ ለተቀመጠ እንዲታይ ነው ብዬ አሰብኩ። ተማሪዎቹ ሲበተኑ ተራው የእኔ ይሆናል።

«አውቶቡስ ውስጥ ነህ እንበል» ይሉኛል። «አውቶቡሱ ወደ ኮልፌ ይሄዳል። አንዱ ተሳፋሪ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ይራመዳል። ፌርማታ ላይ ለቆመ ሰው ይህ ተሳፋሪ የሚሄደው በምን ፍጥነት ነው?»

«በአውቶቡሱ ፍጥነት ላይ የእግሩ ተጨምሮ።»

«ጎሽ። አሁን ሹፌሩ የፊት መብራቱን ያብራ። ፌርማታ ላይ ያለው ሰው የመብራቱን ፍጥነት ቢለካስ?»

«የአውቶቡሱ ይጨመርበታላ» እላለሁ። እንደማይጨመር አውቃለሁ፤ እሳቸው «አይጨመርም!» ሲሉ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ደስታ ለማየት ነው።

«አይጨመርም! ሹፌሩ ቢበር፣ ቢቆም፣ የኋሊት ቢነዳ፣ ለለካው ሰው ሁሉ እኩል ነው። ብርሃን የማንንም ችኮላ አይቀበልም። እሱ እኩል እንዲሆን ሲባል ሌላው ይታጠፋል፤ ሰዓቱም ሜትሩም። የሚሄድ ሰው ሰዓት ከተቀመጠ ሰው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።»

ልጃቸው ይኼኔ ከቤት ብቅ ብላ «አንተ ተቀምጠህ የምታረጀው፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ ስሯሯጥ ልጅ ሆኜ የቀረሁት ለዚህ ነዋ አባዬ» ትላቸዋለች። ይስቃሉ። ደጋግማ ብትለውም ሁልጊዜ ይስቃሉ።

አንድ ቅዳሜ ግን እኔም እልህ ያዘኝ። «ቲቸር፣ ብርሃን ፍጥነቱ አይለወጥም ይሉኛል። እኔ ደግሞ በመስታወት ውስጥ እንደሚዘገይ ደጃፍዎ ላይ ተምሬያለሁ፤ ዋጋም ከፍዬበታለሁ። የትኛውን ልመን?» አልኳቸው።

«ሁለቱንም» አሉ። «የማይለወጠው ባዶ ቦታ ላይ ያለው ነው። ከእሱ በላይ ማንም አይሄድም። ውኃ ውስጥ ሲገባ ሩቡን ያህል ይጎድልበታል፣ መስታወት ውስጥ ሲገባ ወደ ሢሶው። አሁን የምነግርህን ደግሞ ስማ። ድንጋይ ውኃ ውስጥ ብትወረውር ይዘገያል፤ ከወዲያ ቢወጣ እንኳ የጠፋውን ፍጥነት ማን ይመልስለታል? ብርሃን ግን ከመስታወቱ እንደወጣ በዚያችው ቅጽበት በድሮ ፍጥነቱ ይሄዳል። የሚገፋው የለም። አይደክምም ማለት ነው። ያለፈበት ነገር ነው ያዘገየው።» «ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬም ይገርመኛል» አሉ።

እነዚያ ቅዳሜዎች በሕይወቴ በጣም ደስ የሚሉኝ ናቸው። ጠዋት እናቴን ሳንሱሲ ቤታችን ትቼ እወጣለሁ፤ በሦስት ታክሲ ተንጠላጥዬ ቀራንዮ እደርሳለሁ። ማታ ስመለስ ልጅቱ እስከ ታክሲው ድረስ ትሸኘኛለች፤ ሰልፉ ረዥም ከሆነ ደስታዬ ነው። እንዲህ እየሆነ በሰልፍ መሃል ተዋደድን። ከእሷ ጋር ስሆን ብዙ ማውራት አያስፈልገኝም ነበር፤ ይህ ለእኔ ዓይነቱ ለፍላፊ ትልቅ ነገር ነው። በመጨረሻ «ሽማግሌ ልላክ?» አልኳት። «ላክ» አለችኝ።

አጎቴን፣ አለቃዬንና አንድ የሳንሱሲ ጎረቤታችንን ላክሁ። በወጉ መሠረት በር ላይ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ቲቸር አክብረው አስገቧቸው፣ ጋበዟቸው፣ «ላስብበትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሏቸው። ይህ የተለመደ ነው፤ አባት ወዲያው እሺ ካለ ልጁን ያቀለለ ይመስላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄዱ። አሁንም «ላስብበት» አሉ። አለቃዬ ሲመለስ «ጉድጓዱን አልረሱልህም መሰለኝ» ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱ ግን ሆዴ ገባ። እውነትም የእኔን ሥራ ንቀውት ይሆን? ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ልጅ ሲያወሩኝ ቆይተው አሁን ምን አገኙብኝ? ሆድ ባሰኝ።

ለልጅቱ ይህንኑ ስነግራት ከታክሲው ሰልፍ ውስጥ ጎትታ አወጣችኝ።

«አንተን አይደለም የጠላው» አለች። «አባዬ አያይም።»

«እንዴት አያይም?»

«ግላኮማ ነው። ፊት ለፊቱ ትንሽ ይታየዋል፣ ከጎን ያለው ሁሉ ጠፍቷል። ጠብታውን ጠዋትና ማታ የማደርግለት እኔ ነኝ። ከግቢ ብቻውን ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለሰው እንዳልናገር አስምሎኛል።»

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። የበሩን ሰሌዳ የሞሉት ግዙፍ ፊደሎች፣ «ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» ያሉኝ፣ የሚወዛወዘው ድንጋይ። እኔ እየፈተኑኝ መስሎኝ ነበር። አንጀቴን በሉኝ።

«እና ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ትቼው እንዳልሄድ ፈርቶ እንቢ ቢል ይገባኛል። ግን እንቢም አይልም፤ ለእኔ ብሎ። እሺም አይልም። እኔ ደግሞ ከልቡ እሺ ሳይል ከዚያ ግቢ አልወጣም። አልለምነውምም። ራሱ ነው ማለት ያለበት።»

እኔ እናቴን ጥዬ ቀራንዮ መግባት አልችልም፤ ከእኔ ሌላ ማንም የላትም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቲቸርን «እርስዎም ከእኛ ጋር ሳንሱሲ ይኑሩ» አልኳቸው። ስለ ዓይናቸው አላነሣሁም። እሳቸው ግን ልጃቸው እንደነገረችኝ ወዲያው ገባቸው፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«በሙሽራ ቤት ጡረተኛ አይጎለትም» አሉ። «ተማሪዎቼስ? በሬን ነቅዬ ይዤ ልምጣ?»

ያን ቀን ስለ ብርሃን አላወራንም። በጊዜ ተነሥቼ ሄድኩ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ መሄድ አቃተኝ። ምን ብዬ ልሂድ? ቤቴ ውስጥ ቧንቧ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ እንደገና ፈታሁ። እናቴ «የሚያንጠባጥብ የለ፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

ረፋዱ ላይ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከፍታ ጠራችኝ። ወጥቼ ሳይ ቲቸር ቆመዋል። ኮት ለብሰዋል፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘዋል፣ አንዱ የሱሪያቸው እግር እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

«ማን አመጣዎት?» አልኳቸው።

«ማን ያመጣኛል? ታክሲ ነዋ» አሉ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ሊሆን ነው።»

«ተማሪዎቼን ዛሬ አትምጡ ብዬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የወጣሁት» አሉና ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። የደከማቸው ፊታቸው ላይ የማላውቀው ኩራት ነበረ። «ከቀራንዮ ኮልፌ፣ ከኮልፌ አስኮ፣ ከአስኮ እዚህ፤ ከዚያ ቤታችሁን ሰው እየጠየቅሁ። አንዱ ጋ ሳይደርስ ወረድኩና ቦይ ውስጥ ገባሁ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ዕቃዋን ትታ እጄን ይዛ አሻገረችኝ። ረዳቶቹም ‹ፋዘር ቶሎ በል› እያሉ ይጮኹብኛል፤ ይጮኹብኛል እንጂ ደግፈው ያወጡኛል። ሰው እጅ እንደሚይዝ ረስቼው ኖሯል።»

ስልኬን ለማውጣት እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ሰሙ መሰለኝ «እንዳትደውልላት» አሉ። «ዛሬ ተረኛ ሆና ሥራ ላይ ናት። ጎረቤት ልጠይቅ ነው ብያታለሁ።»

እናቴ እግራቸውን አስታጠበቻቸው፤ ምሳ አቀረበች። በልተው ሲያበቁ እኔን አላዩም፤ ድምፄ ወደሚመጣበት ዞረው ተናገሩ።

«ሁሉም ‹ሳንሱሲ ቅርብ ነው› ይለኛል። ለማን ነው ቅርብ? ለሚያይ ሰው ቅርብ ነው። የአንተን ሰዓት ወስጄ የእኔን መንገድ ብለካበት ምን ዋጋ አለው? እኔ የማልፍበት ሌላ ነው። ልጄ የምትገባበት ቤት ለእኔ ስንት እንደሚርቅ ሳላውቅ እሺ ብል ውሸት ይሆንብኝ ነበር። እንቢ ብልም ውሸት ነው።»

«አሁንስ?» አልኳቸው።

«አሁን ግማሹን ነው የለካሁት። መመለሱ ይቀረኛል» አሉና ተነሡ።

አደርስዎታለሁ አልኩ። እንቢ አሉ። እስከ አስኮ ብቻ አልኩ። እንቢ አሉ። እናቴ «ባይሆን ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው፣ አያዩህም» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ ልቤም እንዲሁ እያለኝ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ብቻቸውን ከግቢያቸው ያልወጡ ሰው ይህን ሁሉ የመጡት በራሳቸው መቻላቸውን ለማወቅ ነው። ተከትያቸው ብሄድ ከእጃቸው የምነጥቀው ነገር ነበረ። በራችን ላይ ቆሜ ጃንጥላቸው መንገዱን እየነካካ ሲሄድ አየሁ፤ ታክሲው ጋ ደርሰው ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ ሲያስገባቸው እኔም ወደ ቤት ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አላልፍ አለኝ። ሥራዬ ልኮ መጠበቅ ነው፤ እንዲህ ግን ጠብቄ አላውቅም። ቦዩ ትዝ ይለኛል፣ መኪናው ትዝ ይለኛል፣ የአስኮ ግፊያ ትዝ ይለኛል። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ፤ ልጅቱ ናት።

«አባዬ አንተ ጋ ደውሏል? ከሥራ ስመለስ ቤቱ ዝግ ነው። ጎረቤት ጋም የለም። ስልኩን አያነሣም» አለች፤ ድምፅዋ ተሰባብሯል።

እንዳልደውል እንጂ ስትደውል እንዳልመልስ አላሉኝም። ደግሞም ልዋሻት አልችልም።

«እኛ ጋ ነበሩ» አልኳት። «እየመጡ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻቸውን።»

ምን እንዳለችኝ አልደግመውም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተቆጥታኝ አታውቅም። «ልትፈልጊያቸው እንዳትሄጂ። በሩ ላይ ሆነሽ ጠብቂያቸው» ብያት ሳልጨርስ ዘጋችው።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ስልኬ እንደገና ጮኸ። የቲቸር ቁጥር ነው። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ብድግ አለች።

«ደረስኩ» አሉኝ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ስመለስ ፈጠነልኝ። አሁን ርቀቱን አውቄዋለሁ፤ እችለዋለሁ። ሽማግሌዎችህን እሑድ ላካቸው፤ እሺ ብያለሁ።» ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብለው «እንኪ፣ አንቺ አናግሪው» ሲሉ ሰማኋቸው።

ስልኩ እጅ ቀየረ። ከትንፋሽዋ እያለቀሰች እንደሆነ አወቅሁ፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር።

«ብቻውን መጣ እኮ» አለችኝ።